ኮምቦልቻ ላሉት የቶርኖ ባለሙያ ምስጋና፣ ቮላኖ ላሳሰባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን እየተላጠ የሚስተካከልበት ቤት፣ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ "ሰልፍ እንዳታበዛብኝ" ብለውኛል። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እጠቁማለሁ።

ነገሩ የፍሪሲዮን ነው፣ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው። ሚኒባሴ አሮጌ ሃይስ ናት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ትመላለሳለች። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 በታች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዳገቱን ከጭነት መኪና ኋላ እየተንፏቀቁ መውጣት አለ። ተሳፋሪ ለማንሳት ቆሞ እንደገና መነሳት አለ። አንዳንዱ ሹፌር ደግሞ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆም ይወዳል። ይሄ ሁሉ የሚበላው የፍሪሲዮኑን ሸራ፣ ማለትም የሚፋተገውን ዲስክ፣ ብቻ አይደለም። ከሸራው ጋር የሚፋተገው ቮላኖም፣ ከሞተሩ ጀርባ ታስሮ አብሮ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ይቃጠላል።

መኪናዋ ስትነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ካምቢዮው ወርዶ ሲታይ ሸራው አልቋል፣ የሸራው ማሰሪያ ሪቬቶችም ቮላኖውን ቦርቡረውታል። ከዚያ ክርክሩ መጣ። አንዱ መካኒክ "አዲስ ይገዛ፣ ፊቱ በቶርኖ የተላጠ ቮላኖ አይበረክትም" አለ። ሌላው "በብርጭቆ ወረቀት አሽተን እንግጠመው" አለ። ሁለቱም በልበ ሙሉነት ነው የተናገሩት። መለኪያ ያነሳ ግን አልነበረም።

ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። "ይላጥ ወይስ ይቀየር?" ስላቸው "ቆይ፣ መጀመሪያ ይታጠብ እንጂ" አሉኝ። በቤንዚን አጥበው አደረቁት። ቀጭን ዘይት ቀብተው በጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ዘይት ወደ ጠመኔው ይወጣና መስመሩ ጠቁሮ ይታያል። የእኔ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው "አብሽር" አሉኝ። ፊቱ ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ሲላጥ ይጠፋል። የጠለቀ ከሆነ፣ ወይም ወደ ቡሎን ቀዳዳ ወይም ወደ ጠርዙ ከደረሰ ግን ያ ቮላኖ አብቅቶለታል። በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞር ብረት ነው። ሃይስ ላይ ደግሞ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው፣ ቢፈነዳ ማን ላይ እንደሚወጣ አስቡት።

እኔን ያስገረመኝ የሰማያዊዎቹ ነጠብጣቦች ነገር ነው። በቃጠሎ ብዛት የቮላኖው ፊት እዚህም እዚያም ሰማያዊ ይሆን የለ? ብዙ ሰው ቀለም ብቻ ይመስለዋል። እሳቸው እንዳስረዱኝ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ እጅግ ግሎ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ከሌላው ይልቅ ይጠነክራል። የቶርኖ ቢላ እዚያ ሲደርስ መቁረጥ ትቶ ይዘላል። ላዩ የተስተካከለ ይመስላል፣ ግን ጉብታ ይቀራል። አዲሱ ሸራ ያንን ጉብታ ሲያገኝ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን በሚሽከረከር ድንጋይ ነው የሚሞርዱት። ተሞርዶም ጠንካራው ቦታ ካልጠፋ ይቀየር ይላሉ።

ከዚያ ልኬቱ መጣ። ፋብሪካው ለቮላኖ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ውፍረት አለ፣ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም። እንደ መኪናው ስለሚለያይ ጋሼ በግምት አይሠሩም፣ ከመኪናው መጽሐፍ ላይ ነው የሚያዩት። የአንዳንዱ ቮላኖ ፊት ደግሞ ባለ ደረጃ ነው። ሸራው የሚያርፍበትና ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ሳህን የሚታሰርበት ቦታ ከፍታቸው ይለያያል። አንዱ በተላጠው ልክ ሌላውም መላጥ አለበት። አለዚያ ሳህኑ ሸራውን በሚገባው ልክ አይጫነውም፣ አዲስ ፍሪሲዮን ታስገጥሙና ዳገት ላይ ይንሸራተታል። "ላጥኩት" የሚል ሁሉ ይህን አይጨነቅበትም።

የእኔ የሚላጠው ሆነ። ከአዲስ መግዣው ጋር ሲተያይ ወጪው በጣም ትንሽ ነው።

እዚያው ሳለሁ አንድ ወጣት የአይሱዙ ቮላኖ ይዞ መጣ። "ቶሎ ላጡልኝ፣ ጭነት ይጠብቀኛል" አለ። ጋሼ ጠመኔያቸውን ነስንሰው አዩና መለሱለት። ስንጥቁ ቡሎን ቀዳዳ ገብቷል። "እኔ ብዬ ነው፣ የሚመጣውን እኔ እችላለሁ" ብሎ ለመናቸው። ያስቀመጠውን ብር መልሰው ኪሱ ከተቱለት። "ልጄ፣ አንተ ትችለዋለህ፣ አጠገብህ የሚቀመጠውስ?" አሉት። ኑሯቸው ከመላጥ ነው፣ እምቢ ያሉትም መላጥን ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ቮላኖው ከመፈታቱ በፊት አቀማመጡን ምልክት አድርጉበት። ካምቢዮ ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታና ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ዘይት ማገጃ ጎማ አሳዩ። አዲሱ ሸራ ዘይት ከነካው ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ሞተሪኖው ሲያስነሳ የሚንኳኳ ከሆነ የቮላኖውን ዙሪያ ጥርስም አሳዩ። ጥርሱ ለብቻው ግሎ ስለሚገጠም፣ ለእሱ ሲባል ብቻ ሙሉ ቮላኖ አይጣልም። በአዳዲስ ናፍጣ መኪኖች ላይ ያለው፣ ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ግን ሌላ ነው። ጋሼ እሱን አይነኩም፣ አብዛኛውን ጊዜ ይቀየራል እንጂ አይላጥም።

ቅሬታም አለኝ፣ አልደብቅም። ስልክ አያነሱም። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፣ ለቸኮለ ሰው አይመቹም። አርብ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ ብትመጡ ይሻላል፣ ቡና ፈልቶ ጀባ የምትባሉትም ያኔ ነው።

መኪናዋ አሁን ዳገቱ ላይ ቆማ ስትነሳ አትንቀጠቀጥም። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።