በሐዲድ የሚመጣው ክሊኒክ፦ ፔሎፔፓ

ደቡብ አፍሪካ ገጠር ውስጥ ሱቅ የምትሠሩ ሐበሾች፣ ይሄን አንብቡልኝ። ፔሎፔፓ የሚባል የጤና ባቡር አለ። ባለቤቱ ትራንስኔት የሚባለው የመንግሥት የትራንስፖርት ድርጅት ነው፤ ስሙም «ጥሩ፣ ንጹህ ጤና» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር 3 ፉርጎ ያለው የዓይን ክሊኒክ ብቻ ነበር። ከዚያ ጥርስ፣ አጠቃላይ ምርመራ፣ የሥነ ልቦና ምክርና መድኃኒት ቤት ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሁለተኛ ባቡር መጣ።

እኔ የሄድኩት ለመነጽር ነው። ከተማ ውስጥ አንድ መነጽር ቤት የጠራልኝ ዋጋ ራሴን አዙሮኝ ነበር። እዚህ ግን ዓይኔን የለካችኝ ልጅ ገና ተማሪ ናት፣ አስተማሪዋ አጠገቧ ቆሞ እያየ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትሰለች ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ መነጽሩንም በጣም ትንሽ ከፍዬ ወሰድኩ። የሱቄን ደረሰኝ ዓይኔን ሳላጨናብስ ሳነብ እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው።

ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል። ብርድ ልብስና ውሃ ያዙ። ጎረቤት ያሉ አዛውንቶችንም ይዛችኋቸው ሂዱ።