የተላቀቀችው ወረቀት፦ ከሀዋሳ ዕቃ በላክሁ ጊዜ የገጠመኝ
ከሀዋሳ ለእናቴ አዲስ አበባ ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ጋቢ ላክሁ። ስሟንና ስልኳን ወረቀት ላይ ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩ። በማግስቱ መድረስ የነበረበት ካርቶን 9 ቀን ጠፋ። ወረቀቷ መንገድ ላይ ተላቅቃ፣ ዕቃዬ ባለቤት ካልተገኘላቸው ጋር መጋዘን ጥግ ተጥሎ ኖሯል! እኛ አገር ዕቃ የሚደርሰው በቤት ቁጥር ሳይሆን በስልክ ነው፤ ስልኩ ከጠፋ ማን ጋ ይደውሉ? ደግነቱ ደረሰኙ ላይ ክብደቱና የዕቃው ዓይነት ተጽፏል። የመጋዘኑ ልጅ ያንን ይዞ አንድ በአንድ ፈልጎ አገኘልኝ፤ እግዜር ይስጠው። ሀዋሳ ላይ ዕቃውን የተረከበችኝ ሠራተኛ ግን "ማርከር የለንም" ብላ እንደዚያው መጫኗ በጣም አሳዝኖኛል፤ ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ አይደረግም። እባካችሁ ስልኩን ካርቶኑ ላይ ራሱ ጻፉ፣ የላኪና የተቀባይ ስም ያለበት ሌላ ወረቀትም ውስጥ ክተቱ። እኔ አሁን ማርከር ከቤቴ ይዤ ነው የምሄደው።