ለአማካሪዬ ምስጋና፣ ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ለማመስገን ነው። ስሟን እዚህ አላወጣውም። የሰው ገበና የያዘች ልጅ ናት፣ ስሟ በየፌስቡኩ እንዲዞር አትፈልግም። የፈለጋት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልጄ ያደግኩበት የፒያሳ ሰፈር በ2016 ሲፈርስ እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ቤቱ ክፉ አይደለም፣ ሽንት ቤቱም የራሳችን ነው፣ ተመስገን። ግን "ቡና ደርሷል" ብሎ የሚጠራኝ ጎረቤት የለም። እድራችን ተበተነ። ቀሚስ የምሰፋላቸው ደንበኞቼም ለአንድ ዚፕ ብለው ሁለት ታክሲ ይዘው አይመጡም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዶላሩ ነገር መጣ፣ ዘይቱም ክሩም ጨርቁም ዋጋው ሌላ ሆነ። ክፍለ ሀገር ያለው ወንድሜ ስልኩ አልሠራ ባለ ቁጥር ደግሞ ሌሊቱን ስገላበጥ አድር ነበር። ሳልታመም ተኛሁ ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ "አይዞሽ ያልፋል" ይለኛል። መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ግን የለም።

ወደ አማካሪዋ ይዛኝ የሄደችው የእህቴ ልጅ ናት።

የመጀመሪያው ቀን አማካሪዋ እንቅልፌን፣ ምግቤን ጠየቀችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ፊት ለፊት "እትዬ፣ መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል?" አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም፣ ምክርም አላዘነበችብኝም። ሕይወቴን የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በቀር የምናወራው ከክፍሉ እንደማይወጣ ነገረችኝ። መድኃኒት ማዘዝ የእሷ ሥራ እንዳልሆነና ካስፈለገ ወደ አእምሮ ሐኪም እንደምትልከኝም እንዲሁ።

ቀጥሎ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በደብተር ላይ በየቀኑ የሠራሁትን እንድጽፍ፣ አጠገቡ ደግሞ ልቤን ምን ያህል ቀለል እንዳደረገው ከ10 ነጥብ እንድሰጠው። "ደስ እስኪልዎት አይጠብቁ፣ ሥራው ይቅደም፣ ስሜቱ ይከተላል" አለችኝ። ዝም ብሎ የመጣላት ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፤ ለድባቴ የሚሰጥ የታወቀ ሕክምና ነው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባለሙያዎች ያዳበሩት።

የአንዱ ማክሰኞ ገጽ ይኸው። ዜና ማየት፣ 1። ስልክ ላይ መቆየት፣ 1። ቤት መጥረግ፣ 4። የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ጠርዝ መቀምቀም፣ 7። ታች ፎቅ ላለችው አራስ አጥሚት ይዞ መውረድ፣ 8። እኔ ገጹን ሳነበው ተራ ነገር ነው የመሰለኝ። እሷ ግን በጣቷ ቁጥሮቹን እየተከተለች "እስቲ ከፍ ከፍ ያሉት ላይ ምን አለ?" አለችኝ። ሰው አለ። ትልቅ ቁጥር ያለበት ሥራ ሁሉ መጨረሻው ላይ ሰው አለ። ያን ቀን ነው የገባኝ። የናፈቀኝ ግድግዳው አልነበረም፣ ለሰው የምሆነው ነገር ነበር። እሱ ደግሞ እዚህም አለ፣ ደረጃውን ወርዶ በር ማንኳኳት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለ ቪክቶር ፍራንክል የነገረችኝም እሷ ናት። የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር፣ አይሁዳዊ። በፈረንጆቹ 1942 ናዚዎች ከነቤተሰቡ ወሰዱት፤ እናቱም አባቱም ወንድሙም ሚስቱም አለቁ፣ እሱ 1945 ላይ ተረፈ። ሰው ለሕይወቱ ትርጉም የሚያገኘው በሚሠራው ሥራ፣ በሚወደው ሰውና በሚያየው መልካም ነገር፣ ሊለውጠው በማይችለው መከራ ፊት ደግሞ በሚይዘው አቋም ነው ይል ነበር። እሷ ግን "ሊለወጥ የሚችለውን መከራ ዝም ብሎ መሸከም ጀግንነት አይደለም፣ እሱም እንዲህ አላለም" ብላ አስረግጣ ነገረችኝ። ይህን ወደድኩላት፤ ቻዪው ብሎ የሚመክር ሞልቷልና።

ስለዚህ ጭንቀቶቼን ሁለት ቦታ ከፈልናቸው። በእጄ ላሉት፣ ነገ የምሠራው አንድ ነገር። ስፌት እንደምሠራ በብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ የጻፍኩት በዚህ ነው፤ አሁን መኪናዬ መስኮት ስር ተቀምጣ ሥራ አላት። በእጄ ላልሆኑት፣ እንደ ወንድሜ ስልክ፣ ማታ ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ለጭንቀት ብቻ መደብን። ቀን ላይ ሲመጣብኝ "ማታ እንገናኝ" እለዋለሁ። ሁልጊዜ እሺ አይለኝም። እሺ የሚለኝ ቀን ግን እየበዛ ነው።

ዘይቱ አልረከሰም። ወንድሜም እዚያው ነው፣ ስልኩ ሲዘጋ አሁንም ሆዴ ይባባል። ግን ጠዋት እነሳለሁ፣ ከፎቃችን ሴቶች ጋር የወር ማኅበር ጀምረናል፣ ቡናም እንጠራራለን።

ስለ አሠራሯ ለምትጠይቁኝ፦ በሰዓቷ ትገኛለች። አማርኛዋ ግልጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ አታደናግርም። ክፍያውን አስቀድማ ትናገራለች፣ የከበደው ሰው ሲነግራት ታስተያያለች። ጸሎትና ጠበሌን ተይ አላለችኝም፣ እንዲያውም ደብተሬ ላይ ኪዳን መሄዴ 9 ማግኘቱን አይታ "ይህን እንዳያስቀሩ" አለችኝ። ዓረብ አገር ላላችሁ እህቶች በስልክም ትሠራለች። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ብቻውን ሳትተዉት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል አለ።

የኔ ልጅ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ ትልክልሻለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ባደከምኩሽ ሁሉ ተባረኪ። የሰፋሁልሽን ነጠላ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እምቢ እንዳትዪኝ።