ዲፒፒኤች ዱቄት፦ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ጥሩ፣ ለፍርድ ግን ብቻውን አይበቃም

በመድኃኒት ተክሎች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጸረ-ኦክሲዳንት (ፍሪ ራዲካልን የሚያከሽፍ) ውህድ ለሚፈልግ ቤተ ሙከራ ዲፒፒኤች ሊኖር የሚገባው ዱቄት ነው። ዲፒፒኤች ሐምራዊ ፍሪ ራዲካል፣ ማለትም ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል ሲሆን፣ ኤሌክትሮን ወይም ሃይድሮጅን የሚለግሰው ውህድ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ የሐምራዊው መደብዘዝ በብርሃን መለኪያ (ስፔክትሮፎቶሜትር) በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ይነበባል።

3.94 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር ሜታኖል ሲሟሟ 0.1 ሚሊሞላር ይሆናል፤ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የመለኪያ ብልቃጥ) የሚዋጠው ብርሃን ንባብ 1.1 አካባቢ ነው። በጣም ካነሰ ወይ በደንብ አልሟሟም፣ ወይ ዱቄቱ ተበላሽቷል። ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይከፈት፤ የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ ከተከፈተ ጤዛ ይገባበታል። ብጥብጡ በዕለቱ ተዘጋጅቶ በፎይል ይሸፈን። ከናሙናው ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። ለማነጻጸሪያ አስኮርቢክ አሲድ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባክቴሪያው ባደገበት ሾርባ (ምግብ ባለበት ፈሳሽ) ነው። የእርሾ ኤክስትራክትና ፔፕቶን ራሳቸው ሐምራዊውን ያደበዝዛሉ፤ ግሉኮስ ያለበት ሾርባ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ቡናማ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ባክቴሪያ ያልተዘራበት ሾርባ እኩል ቀን ተናውጦ፣ እንደ ናሙናው ሁሉ ውህዶቹ በኢታይል አሲቴት (ውህዶችን ከሾርባው በሚስብ ፈሳሽ) ተወስደው አብሮ ይለካ። ይህ ማነጻጸሪያ የሌለበትን ውጤት አናምንም።

ቀለማም ባክቴሪያም ያሳስታል። ካሮቲኖይድ (ቢጫ-ቀይ ቀለም) በ517 አቅራቢያ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ናሙናው ያለ ዲፒፒኤች በሜታኖል ብቻ ተለክቶ ይቀነስ። ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚያወጣው ፖሊሳካራይድ (ረጅም የስኳር ሰንሰለት) ደግሞ ሜታኖል ሲነካው ይዘቅጣል፤ ድፍርሱ ንባቡን ከፍ አድርጎ ጥሩውን ዝርያ ደካማ ያስመስለዋል። ሴንትሪፉጅ ደለሉን ቢያወርደውም የሚለካውን ውህድ አብሮ ሊወስደው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ናሙና በውሃ የሚሠራውና በ734 ናኖሜትር የሚነበበው ኤቢቲኤስ የተባለ ተመሳሳይ የቀለም ምርመራ ይሻላል።

ባክቴሪያው በእርግጥ ከተክሉ ውስጥ መውጣቱን ዲፒፒኤች አይነግርም። የተክሉ ገጽ በአልኮልና በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከጸዳ በኋላ የመጨረሻው እጥበት ውሃ በአጋር (ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጠጣር ምግብ) ላይ ይዘራ፤ አንዳች ከበቀለ የውጪ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ይጣል። የሐምራዊው መደብዘዝም ውህዱ ሕያው ሕዋስን ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ ያ በሕዋስ ላይ የሚሠራ ሌላ ምርመራ ነው።

ትልቁን ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም፤ 1 ግራም ብቻ 25 ሊትር ያህል ብጥብጥ ይሰጣል።