የ80፣ የ350 እና የ1,000 ብር ባዶ ጡጦ፦ ከአውራ ጣት ጋር ሲነጻጸሩ የትኛው ለልጅ ጥርስ ይሻላል?

እዚህ ጅማ የወለደች ጓደኛ ሁሉ ከአራስ ቤት ሳትወጣ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ባዶ ጡጦ የቱን ልግዛ? ወተት የማይገባበትን፣ ልጅ ሲነጫነጭ አፉ ላይ የምናደርግለትን ማለቷ ነው። እሱን ሳልመልስ ደግሞ «ጥርሱን አያበላሽበትም?» ይከተላል። ለእያንዳንዷ ለየብቻ ማስረዳት ስለሰለቸኝ አንድ ላይ ጻፍኩት። የማዳላውም ለየትኛው እንደሆነ ከወዲሁ ልናገር፤ ፋርማሲ ውስጥ 350 ብር ገደማ ለሚሸጠው፣ ከጫፍ እስከ መያዣው አንድ ወጥ ሲሊኮን ለሆነው ነው። የሺህ ብሩ የተከፈለበትን ያህል አይሠራም። የ80 ብሩን በነጻ ቢሰጡኝም ከቤት አላስገባውም።

ከርካሹ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚገዛው እሱን ነውና። ወንድሜ ለልጁ መርካቶ በረንዳ ላይ ከተዘረጋ ዕቃ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ የመጣ» እያለ ከ150 ጀምሮ 80 ላይ ለቀቀለት። ማሸጊያው ላይ የታወቀ የአውሮፓ ፋብሪካ ስም አለ፤ አንድ ፊደል ግን ጎድሎታል። የወንድሜ ሚስት ስትቀቅለው የጎማ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። ከውሃ ሲወጣ ጫፉ ደፍርሶ ነጥቷል፣ ሲነኩትም ጣት ላይ ይጣበቃል። ጫፉን በአንድ እጄ፣ ከንፈር ላይ የሚያርፈውን ሳህን በሌላው ይዤ ሳብ ባደርገው ከሥሩ ተሰነጠቀ። ጥርስ ያበቀለ ልጅ ቢነክሰው ቁራጩ የሚሄደው ወደ ጉሮሮው ነበር። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሳህኑ ነው። ቀዳዳ የሚመስሉት ሁለት ክቦች ቅርጻቸው ብቻ ታትሞ የቀረ ነው፤ መርፌ እንኳን አያሳልፉም። እነዚያ ቀዳዳዎች ለጌጥ የሚደረጉ አይደሉም፤ ሳህኑ ድንገት አፍ ውስጥ ቢገባ አየር እንዲያልፍ ነው። ወንድሜ ሊመልስ ቢሄድ «ልጅ አፍ የገባ ዕቃ አይመለስም» ተባለ፤ ልጁ አፍ ሳይደርስ መቀደዱን ሰውየው ሊሰማ አልፈለገም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ደህናው ሲሊኮን በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ወር ድረስ ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ባይቀደድም መቀየር አለበት። ርካሹ ሳይሰነጠቅ ወይም ሳይጣበቅ ሁለት ሳምንት ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። በሁለት ወር አራት ጊዜ 80 ብር ማለት 320 ብር ነው። ከፋርማሲው ጋር ያለው ልዩነት 30 ብር፣ ለባጃጅ እንኳን የማይበቃ። የሺህ ብሩም ቢሆን በሁለት ወሩ ይቀየራል፤ በዓመት 6,000 ብር ይወስዳል። የ350 ብሩ በዓመት 2,100 ይወስዳል። ሻጮች ይህን ሒሳብ አይነግሯችሁም፣ የሚነግሯችሁ የአንዱን ዋጋ ብቻ ነው።

የሺህ ብሩ ጫፉ ጠፍጠፍ፣ አንገቱ ቀጠን ያለ ሲሆን «ጥርስ አያበላሽም» ተብሎ ይሸጣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀርመናውያን የጥርስ ሐኪሞች ያመጡት ነው። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ የላይና የታች ጥርስን የሚያራርቀው በጥቂቱ ነው። ነገር ግን እስከ አራት ዓመቱ ቀን ከሌት የሚጠባን ልጅ የትኛውም ቅርጽ አያድነውም። በዚያ ላይ ጠፍጣፋው ጎን ምላስ ላይ ማረፍ አለበት፤ ልጁ ተኝቶ ሲገላበጥ ጡጦውም ይገለበጣል፣ በእኩለ ሌሊት ተነስቶ የሚያስተካክል ማን አለ? አስመስለው የሚሠሩትም በብዛት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ትርፉ እዚያ ላይ ነዋ። ሺህ ብር ከፍሎ የ80 ብሩን ይዞ የገባ ሰው አውቃለሁ።

አውራ ጣትስ? ዋጋው ዜሮ ነው፣ አይጠፋም፣ መሬት ወድቆ አይቀቀልም። ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ ጣቱን ይጠባል፤ መጥባት ተፈጥሮው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። አብዛኞቹ ልጆች በሁለትና በአራት ዓመት መካከል በራሳቸው ይተዉታል። ችግሩ የማይተወው ልጅ ላይ ነው። ጡጦ ይጠፋል፣ ይጣላል፣ «አይጥ ወሰደው» ይባላል። ጣት ግን እጅ ላይ ነው። እሬት የሚቀቡ አሉ፤ ሚጥሚጣ የሚቀቡም አጋጥመውኛል። ልጁ በዚያው ጣት ዓይኑን ሲያሽ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ባዶ ጡጦን ከጣት የማስበልጠው በዚህ አንድ ምክንያት ነው፤ የሚቆምበትን ቀን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ጥርስ ላይ የሚደርሰው ነገር እንዲህ ነው። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ የመጀመሪያው ስድስት ወር ገደማ ላይ ብቅ ይላል፣ የመጨረሻው በሦስት ዓመት አካባቢ ይሞላል። በዚህ ጊዜ መንጋጋው ገና ለስላሳ ነው፣ የገፉትን ይከተላል። አፍ ውስጥ ጡጦ ወይም ጣት ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ምላስ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉንጭ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ይጫናል። ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው ምላስ ስለሌለ የላይኛው መንጋጋ እየጠበበ ይመጣል፤ የላይኛው የመንጋጋ ጥርስም ከታችኛው ወደ ውስጥ ያርፋል። ከፊት በኩል ደግሞ የላይና የታች ጥርስ አይገናኙም፣ ክፍት ይቀራል። ጣት ከዚህ በተጨማሪ የላይኛውን የፊት ጥርስ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ ይመልሳል። የጎረቤታችን ልጅ የበቆሎ እሸት ሲሰጡት በፊት ጥርሱ መጋጥ አይችልም፤ ፍሬውን በጣቱ እየፈለፈለ፣ ወይም ራሱን አዘንብሎ በጎን ጥርሱ ነው የሚበላው። እናቱ የምግብ ቅብጠት መስሏት ትቆጣው ነበር።

«የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጥርሱ ስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ይወድቃል፤ መንጋጋው ግን አይወድቅም። የፊቱ ክፍተት ልማዱ በጊዜ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። የጎኑ መጥበብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ ቋሚው ጥርስ በጠበበው ቦታ ላይ ይበቅላል። ለልጃቸው ጥርስ ማስተካከያ ብረት ለማሳሰር አዲስ አበባ የሚመላለሱ ቤተሰብ አውቃለሁ። ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብረቱ በየጊዜው መጥበቅ ስላለበት አንዴ ሄዶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የትራንስፖርቱ ብቻ የስንት ዓመት ጡጦ እንደሚገዛ ስሌቱን ለእናንተ ልተው። ስለዚህ ጥርሱ ከመበላሸቱ በፊት ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ማሳየት ይሻላል።

ለሚያጠቡ እናቶች፦ ጡት መያዝን በደንብ እስኪለምድ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት፣ ምንም ጡጦ አትስጡ። እናት ጡት ረዘም ላለ ጊዜ የጠባ ልጅ ላይ የመንጋጋ መጥበብ እምብዛም አይታይም፤ ከዚህ ሁሉ ዕቃ የሚበልጠውም እሱ ነው፣ በብር የሚገዛ ስላልሆነ እንጂ ቀዳሚው ተወዳዳሪ እሱ ነበር። ባዶ ጡጦም ጥቅም የለውም አልልም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በእንቅልፍ ሰዓት ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን ይቀንሳል ብሎ ይመክረዋል። ግን ልጁ ሲተኛ አንገቱ ላይ በክር አታንጠልጥሉት። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ለጆሮ ሕመም ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን።

በእኛ አካባቢ ማር ስለማይጠፋ አያቶች ጡጦውን ማር ነክረው ይሰጣሉ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አደገኛ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ያመጣል። ዓመት ለሞላውም ቢሆን የላይኛውን የፊት ጥርስ ሌሊቱን ሙሉ በስኳር መዘፍዘፍ ነው። ወተት ወይም ጣፋጭ ሻይ ያለበት ጡጦ አፉ ላይ ይዞ እንዲተኛ ማድረግም ያው ነው፤ ጥርሱ ከድዱ ጀምሮ ይቦረቦራል።

ስትገዙ ፋርማሲ ግቡና ደረሰኝ ጠይቁ። ማሸጊያው ላይ ለስንት ወር ልጅ እንደሆነ መጻፉን፣ ሳህኑ ከልጁ አፍ መስፋቱንና ቀዳዳው እውነተኛ መሆኑን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ። ከሁለት ሦስት ክፍል የተገጣጠመውን ተዉት፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ይቀርና ይሸታል፣ ሲላቀቅም ቁራጩ ጉሮሮ የሚገባ ትንሽ ነው። ቡናማውን የጎማ ዓይነት ደግሞ የሚገዛ ካለ፣ ፀሐይና መቀቀል ቶሎ እንደሚያደርቀው ይወቅ። ቤት እንደገባ አምስት ደቂቃ ቀቅሉት፣ ከዚያ ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑት። ልጁ ጥርስ ካወጣ በኋላ ፈተናው የየዕለት ይሁን።

ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ የትኛውን እንግዛ ለምትሉኝ፦ ምንም አትግዙ። በእጁ ያለው የመቀየሪያው ጊዜ እስኪደርስ ለሌሊት ብቻ ይያዘው፤ ሲደርስ ጣሉት፣ ሌላ አታምጡ። ሁለት ሦስት ሌሊት ያለቅሳል።