ብላክ ዋች ወይስ ሮያል ስቱዋርት?

ሁለቱም የስኮትላንድ ታርታኖች (ባለ ዳማ ጨርቆች) የሚሸመኑት በአንድ ዘዴ ነው፤ ማጉ በሁለት የድር ክሮች ላይ አልፎ በሁለት ሥር ስለሚገባና በየረድፉ በአንድ ክር ፈቀቅ ስለሚል፣ ጨርቁን ቀረብ ብሎ ላየው ሰያፍ መስመሮች ይታዩበታል። የሚለያዩት በቀለም ነው። ሮያል ስቱዋርት በቀይ መደቡ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር፣ እንዲሁም ቀጫጭን ነጭና ቢጫ መስመሮች ስላሉት ከሩቅ ዓይን ይስባል፤ ከንጉሣውያን ጨርቅነቱ አልፎ የብስኩት ቆርቆሮ ማስጌጫ እስኪሆን ድረስም ተለምዷል። በዚሁ ስም የሚጠራው የስኮትላንድ ክፍለ ጦር ጨርቅ የሆነው ብላክ ዋች ግን ጥቁር፣ ጥልቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ነው። የሃይላንድ (የስኮትላንድ ደጋማ ክፍል) አለባበስ እ.ኤ.አ. በ1746 በወጣ ሕግ ታግዶ እስከ 1782 ሲቆይ ወታደሮች ስላልተከለከሉ፣ ይህ የክፍለ ጦር ጨርቅ ከመለበስ አልተቋረጠም። ለዘወትር ካፖርት የሚመረጠው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይኸኛው ነው።