ሊዝበን ወይስ ካሽካይሽ፦ አልጋ የት ይያዝ?

ፖርቱጋልን ለማየት የተነሳ ሰው ሆቴል መፈለግ ሲጀምር ልቡ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ዋና ከተማዋ ሊዝበን አለች። በሌላ በኩል በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ርቃ ውቅያኖሱ ዳር ያለችው ካሽካይሽ አለች። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ምርጫው ግን በምን ያህል ቀን እንደምትቆዩና ከማን ጋር እንደምትሄዱ ይለያያል።

የምትቆዩት ሦስት ሌሊት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሊዝበን ለማደር በቂ ምክንያት አላችሁ። ካሽካይሽን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል። ሊዝበንን በአንድ ቀን እንይ ካላችሁ ግን ቀኑ በሩጫ ያልቅና ምንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ደግሞም የሊዝበን ውበቱ ምሽት ላይ ነው። ሴኞራ ዱ ሞንቴ ከሚባለው ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀያዮቹን ጣራዎች ማየት አለባችሁ። ካሽካይሽ የሚያድር ሰው ያን ሰዓት ባቡር ስለመያዝ ማሰብ ይጀምራል።

ሊዝበን ግን እግር ትፈልጋለች። ዳገትና ቁልቁለት ነው። የእግረኛው መንገድ የተነጠፈበት ትንንሽ ነጭ ድንጋይ ብዙ ሰው ስለረገጠው ለስልሷል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ቤት ይቅር። አልፋማ የሚባለው ሰፈር በ1755 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተማዋን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የተረፈ ነው፤ ጠባብ መንገዱ በደረጃ የተሞላ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ይዞ መግባት ፈተና ነው። ዝነኛው ቁጥር 28 ትራም በዚያው ያልፋል። በጠዋት ካልሄዳችሁ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ውስጡም ኪስ አውላቂ አይጠፋም። ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ።

የትም ብታድሩ ሊዝበን ውስጥ ያለውን ቤሌምን እንዳትዘሉ። እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚመለከተን ሰፈር ነው። የዤሮኒሞስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። ልጁ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ወደ 400 የሚጠጉ ነፍጥ የያዙ ወታደሮች ይዞ ምጽዋ የወረደው ነው። አፄ ልብነ ድንግል እርዳታ ጠይቀው ነበር፤ ጦሩ የደረሰው ግን እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በልጃቸው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ክሪስቶፎር በ1542 ከግራኝ አሕመድ ጋር ሲዋጋ ተማርኮ ተገደለ። ከገዳሙ ወደ ታጉስ ወንዝ ዳር ስትሻገሩ 52 ሜትር ከፍታ ያለው የአሳሾች ሐውልት ይገኛል። በአንዱ ጎን ከተሰለፉት ምስሎች መካከል ክሪስቶፎር አለ። በሌላው ጎን ደግሞ ፔሮ ዳ ኮቪልሃም፣ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደርሶ እንዳይመለስ ተከልክሎ እዚያው የኖረው መልእክተኛ። ምስሎቹ ከ30 በላይ ስለሆኑ የሁለቱን ፎቶ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። በትምህርት ቤት የተማርነውን ታሪክ ከወዲያኛው ወገን ቆሞ ማየት ለኔ ከየትኛውም ቤተ መንግሥት ይበልጣል።

ገዳሙ ሰኞ ዝግ ነው። አጠገቡ ከ1837 ጀምሮ የሚሸጠውን የቤሌም ኬክ በትኩሱ፣ ቀረፋ ነስንሳችሁ ብሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን እንቁላልና ወተት አለበት። ከካሽካይሽ የሚመጡ አንዳንድ ባቡሮች ቤሌም አይቆሙም፤ ሰሌዳውን አይታችሁ ተሳፈሩ።

አሁን ወደ ባሕሩ። ሳምንት የምትቆዩ፣ ልጆች የያዛችሁና በእነሱ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) የምትሄዱ ከሆነ ምክሬ ካሽካይሽ ነው። መሃል ከተማው ሜዳ ነው፣ ከጣቢያው ወርዶ ባሕሩ ጋ መድረስ ደቂቃዎች ነው። ከዚያ እስከ ጎረቤቷ ኢሽቶሪል ባሕሩን ይዞ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፤ ጋሪ ያለ ችግር ይገፋበታል። ማዕበሉ ዓለቱን እየመታ የሚያገሳበት ቦካ ዱ ኢንፌርኑም በእግር ይደረሳል። ውሃው ግን አትላንቲክ ነው። በሐምሌም ቢሆን ይቀዘቅዛል። የቀይ ባሕርን ሙቀት የለመደ ሰው ሲገባ ይደነግጣል፤ ልጆቹ ግን ግድ የላቸውም። ጊንሹ የሚባለው ሰፊ ዳርቻ ውብ ሆኖ ነፋሱ አሸዋ ስለሚያነሳ ለሕፃናት አይሆንም።

ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ይረክሳል ብላችሁ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል። ንጉሥ ሉዊሽ በ1870 አካባቢ የበጋ ማረፊያው ካደረጋት ወዲህ የባለጸጎች ሰፈር ናት፤ በበጋ ባሕር ዳር ያለ ክፍል ኪስ ይጎዳል። ኪሳችሁን የምታስቡ ከሆነ በዚያው የባቡር መስመር ላይ ያለውን ካርካቬሎስን እዩት። ትልቅ የአሸዋ ዳርቻ አለው፣ ለሊዝበንም ይቀርባል።

ማደሪያችሁ ካሽካይሽ ሆኖ አውሮፕላናችሁ ሌሊት የሚደርስ ከሆነ ከአየር ማረፊያው ሜትሮ ይዞ፣ አላሜዳ ላይ መስመር ቀይሮ፣ ካይሽ ዱ ሶድሬ ጣቢያ ላይ የካሽካይሽን ባቡር መያዝ ሻንጣ ላለው ሰው አድካሚ ነው። ሜትሮውም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት ሊዝበን እደሩና ጠዋት ተሻገሩ፤ ባቡሩ ላይ በግራ በኩል ከተቀመጣችሁ ወንዙ እየሰፋ ውቅያኖስ ሲሆን ታያላችሁ።

አንድ ቀን ለይታችሁ አስቡበት፦ ሰኔ መጀመሪያ። በፈረንጆቹ ጁን 12 ምሽት የሊዝበኑ ቅዱስ እንጦንዮስ በዓል ዋዜማ ነው። አልፋማ በሰርዲን ጥብስ ጭስና በዘፈን ይሞላል፣ እስኪነጋ አይተኛም። ለዚያ የሚሄድ ሰው ሊዝበን መሃል ይያዝ። ሕፃን ይዞ መተኛት የሚፈልግ ያን ሰሞን ካሽካይሽ ይደር።